መንገዱ ሲዘጋ እጁ ያልታጠፈ ሰው

ንባብ፦ ሮሜ 8፥24-25

ዛሬም ጠዋት ስለ ፕሮሰሳችሁ መልእክት መጥቶ እንደሆነ ስልካችሁን አይታችኋል አይደል? እኔም አይቻለሁ። ምንም የለም። እንግዲህ ቁጭ በሉና የኦኔሲሞስ ነሲብን ታሪክ ልንገራችሁ። ዓመቶቹ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ኦኔሲሞስ የኦሮሞ ልጅ ነው። ኢሉባቦር ውስጥ ሲወለድ ስሙ ሂካ ነበር፤ ትርጉሙም ተርጓሚ ማለት ነው። ገና ልጅ ሳለ ባሪያ ፈንጋዮች ነጥቀው ወሰዱት። ከእጅ ወደ እጅ እየተሸጠ ምጽዋ ደረሰ፤ በ1870 እዚያ ነጻ ወጣ። በስዊድን ሚሲዮን ተማረ፣ በ1872 ተጠመቀ፣ ስዊድንም ሄዶ ተማረ።

ልቡ ግን ወገኖቹ ጋ ነበር። ወንጌል ሊያደርስላቸው በ1881 በሱዳን በኩል ሞከረ፤ አልሆነም። በ1886 እንጦጦ ድረስ ገባ፤ ከዚያ እንዳያልፍ ተከለከለ። ሁለቴም ምጽዋ አጠገብ ወዳለችው እምኩሉ ተመለሰ።

እስቲ አስቡት፤ ሁለት ጊዜ መንገድ የተዘጋበት ሰው ምን ያደርጋል? እሱ ቁጭ ብሎ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ። በልጅነቱ ከአገሩ ስለወጣ የቋንቋው ቃል ያጥረው ነበር። እንደሱ ከባርነት የተረፈች አስቴር ጋኖ የምትባል ወጣት ረዳችው። አዲስ ኪዳን በ1893፣ ሙሉው መጽሐፍ በ1899 ታተመ። ልብ በሉ፣ መንገዱ ያን ጊዜም ዝግ ነበር።

በ1904 ወለጋ ገባ። ነጻ ከወጣ 34 ዓመት ሆኖታል። የገባው ግን ባዶ እጁን አይደለም፤ መጽሐፉን ይዞ ነው። ነቀምቴ እያስተማረ ኖሮ በ1931 አረፈ።

ወገኖቼ፣ እኔ እዚህ ካምፕ 12 ዓመቴ ነው። የመጀመሪያዎቹን አራት ዓመት ሰሌዳ ላይ ስሜን ስፈልግ ጨረስኳቸው። ተስፋ እሱ ይመስለኝ ነበር። ለካ ስም መፈለግና ተስፋ ማድረግ ይለያያሉ። የእኛ መንገድ መቼ እንደሚከፈት አላውቅም፤ ለአንዳንዳችን ላይከፈትም ይችላል። ግን ዛሬ የጎረቤት ልጅ ፊደል ማስቆጠር እንችላለን። ለታመመው አንድ ጀሪካን ውሃ መቅዳት እንችላለን። ተስፋ ያለው ሰው ሥራውን ለዚያኛው አገር አያስቀምጥም።

ዛሬ ማታ ከመተኛታችሁ በፊት አንድ ነገር ራሳችሁን ጠይቁ፦ መንገዱ ነገ ቢከፈት ምን ይዤ እወጣለሁ?

ጌታ ይርዳን። አሜን።