የተከሰሰው መምህር፦ ጆን ስኮፕስ

ከጣና ሐይቅ የሚወጣው ዓባይ የሱዳንን ሜዳ አቋርጦ ከነጭ ዓባይ ጋር ለመገናኘት ሲቃረብ ካርቱም ይደርሳል። በከተማዋ ምሥራቃዊ ክፍል፣ በወንዙ አጠገብ ከሚገኙት ሠፈሮች አንዱ አል-ማንሺያ ይባላል። የሱዳንን እስላማዊ ንቅናቄ ለብዙ ዓመታት የመሩት ሐሰን አል-ቱራቢ ይኖሩ የነበሩት በዚህ ሠፈር ነው። ንቅናቄው ከጦር መኮንኖች ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ1989 ዓ.ም. የመንግሥቱን ሥልጣን ያዘ። ጥቂት ወራት እንዳለፉም በካርቱም ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሕይወት መምህር የነበሩት ዶክተር ፋሩቅ መሐመድ ኢብራሂም በጸጥታ ሠራተኞች ተይዘው ያለ ፍርድ ታሰሩ፤ ብርቱ ሥቃይም ደረሰባቸው። በምርመራው ጊዜ እንደ ወንጀል ከተቆጠሩባቸው ነገሮች አንዱ ለተማሪዎቻቸው ዝግመተ ለውጥን ማስተማራቸው ነበር። ትምህርቱ በእርግጥ ምን እንደሚል ለማስረዳት የቆሙበት ችሎት አልነበረም።

ከዚያ 64 ዓመት ቀደም ብሎ፣ ከካርቱም እጅግ ርቆ በሚገኝ አገር፣ በዚሁ ትምህርት ምክንያት የተከሰሰ ሌላ መምህር ነበር። እርሱስ ችሎት ፊት ቆሟል። ስሙ ጆን ቶማስ ስኮፕስ ይባላል። (ከዚህ በታች የተጠቀሱት ዓመቶች፣ ዓመተ ምሕረት ተብሎ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ስኮፕስ በኦገስት 3 ቀን 1900 በአሜሪካ፣ በኬንታኪ ግዛት፣ ፓዱካ በተባለች ከተማ ተወለደ። ለወላጆቹ አምስተኛ ልጅ ሲሆን ከእርሱ በቀር ወንድ ልጅ አልነበራቸውም። አባቱ የባቡር ሐዲድ ሠራተኛና በሠራተኞች ማኅበር ውስጥ ብርቱ ተሳታፊ ነበር። ልጁ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን በ1919 የጨረሰው ቤተሰቡ በተዛወረበት በኢሊኖይ ግዛት በሴለም ከተማ ነው። በምረቃው ዕለት ንግግር ያደረገው የዚያች ከተማ ተወላጅ የሆነው ዝነኛው ፖለቲከኛ ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን ነበር። ተመራቂውና ተናጋሪው ከስድስት ዓመት በኋላ ተከሳሽና ከሳሽ ሆነው እንደሚገናኙ በዚያን ቀን ማን ሊገምት ይችል ነበር?

ስኮፕስ በ1924 ከኬንታኪ ዩኒቨርሲቲ ተመርቆ በቴነሲ ግዛት፣ ዴይተን በምትባል አነስተኛ ከተማ ሥራ አገኘ። የተቀጠረው የሥነ ሕይወት ትምህርት ሊያስተምር አልነበረም፤ ሒሳብና ፊዚክስ እያስተማረ የትምህርት ቤቱን የአሜሪካ እግር ኳስ ቡድን እንዲያሠለጥን ነበር። በትምህርት ዓመቱ መጨረሻ ገደማ የሥነ ሕይወት መምህሩ ስለ ታመመ ስኮፕስ ለአጭር ጊዜ ተክቶት ሠራ። መላ ሕይወቱን የለወጠው ይህ ጥቂት ቀን የወሰደ የምትክ ሥራ ነው።

በ1925 በማርች ወር የቴነሲ ምክር ቤት አንድ ሕግ አወጣ። ሕጉን ያቀረበው ጆን በትለር የተባለ ገበሬና የምክር ቤት አባል ነበር። በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ውስጥ በመጽሐፍ ቅዱስ የተነገረውን የሰው አፈጣጠር የሚክድ፣ በምትኩም ሰው ከዝቅተኛ እንስሳት ወረደ የሚል ትምህርት የሚሰጥ መምህር ከ100 እስከ 500 ዶላር እንዲቀጣ ሕጉ ያዛል። ነገሩን አስገራሚ የሚያደርገው ግን ሌላ ነው። የቴነሲ መንግሥት ራሱ ለትምህርት ቤቶች መርጦ ያስገባው፣ በ1914 የታተመው የጆርጅ ሀንተር የሥነ ሕይወት መጽሐፍ ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚገልጽ ምዕራፍ ነበረው። መምህሩ መጽሐፉን ካስተማረ አንዱን ሕግ ይጥሳል፤ ካላስተማረም ሌላውን ትእዛዝ ይጥሳል ማለት ነው።

የአሜሪካ የሲቪል ነፃነቶች ማኅበር ሕጉን በፍርድ ቤት ለመፈተን ፈቃደኛ የሚሆን መምህር እንደሚፈልግ በጋዜጣ አስታወቀ። በሜይ ወር 1925 መጀመሪያ በዴይተን መድኃኒት ቤት የተሰበሰቡ የከተማው ሰዎች ስኮፕስን ከቴኒስ ሜዳ አስጠሩት። የመድኃኒት ቤቱ ባለቤት የትምህርት ቦርዱም ሊቀ መንበር ነበርና የተማሪዎች መጻሕፍት የሚሸጡት በዚያው ነበር። የሥነ ሕይወት ትምህርት ያለ ዝግመተ ለውጥ ሊሰጥ ይችላል ወይ ብለው ሲጠይቁት ሊሰጥ እንደማይችል ነገራቸው፤ የሀንተርንም መጽሐፍ ከመደርደሪያው አውጥቶ አሳያቸው። ክሱን ይቀበል እንደ ሆነ ቢጠይቁት ተስማማና ወደ ጨዋታው ተመለሰ። ከሰዎቹ አንዳንዶቹ ያሰቡት ስለ ሳይንስ ሳይሆን ስለ ከተማቸው መታወቅና ስለሚመጣው ገበያ እንደ ነበር መካድ አይቻልም። ስኮፕስም ቢሆን ያንን ምዕራፍ በእርግጥ በክፍል ውስጥ ማስተማሩን አጥብቆ አያስታውስም ነበር። የክሱ አመጣጥ ይህን ያህል ቀላል ነበር፤ የተነሣው ጥያቄ ግን ቀላል አልነበረም።

በችሎቱ ወቅት ጥያቄው በደንብ የተነገረበት ጊዜ ጥቂት ነው። ሰባኪዎችና ጋዜጦች ለሕዝቡ ያሰሙት ሰው የዝንጀሮ ልጅ ነው የሚል አዲስ ትምህርት ለሕፃናት እየተሰጠ መሆኑን ነበር። በዴይተን ጎዳናዎች የአሻንጉሊት ዝንጀሮዎች ተሸጡ፤ ልብስ የለበሰ ቺምፓንዚም ለትርኢት ቀረበ። የዝግመተ ለውጥ ትምህርት ግን እንዲህ አይልም። ሁለት የአጎት ልጆች ከአንድ አያት ይወርዳሉ እንጂ አንዱ የሌላው ልጅ አይደለም። ሰውና ቺምፓንዚም እንደዚሁ ናቸው፤ ከሚሊዮን ዓመታት በፊት ከኖረና ዛሬ ከሌለ የጋራ ዘር የወጡ ሁለት ቅርንጫፎች ናቸው። ዛሬ በስሜን ተራራ የሚታየው ጭላዳ ሰው ይሆን ዘንድ መንገድ የጀመረ ፍጡር አይደለም። ለውጡ የሚመጣበትንም መንገድ ከገበሬ ሥራ በጥቂቱ መረዳት ይቻላል። የኢትዮጵያ ገበሬ ከአውድማው ከተገኘው እህል ምርጡን ለዘር ያስቀምጣል፤ ይህን ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲያደርግ ኖሮ በየአየሩና በየአፈሩ የሚስማሙ ልዩ ልዩ የጤፍና የገብስ ዝርያዎችን አስገኝቷል። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 ባሳተመው መጽሐፉ ያስረዳው፣ መራጭ ገበሬ በሌለበትም ቦታ ድርቁ፣ ብርዱ፣ በሽታውና የምግብ እጦቱ ተመሳሳይ መረጣ እንደሚያካሂዱ ነው። በዚህ ላይ ንድፈ ሐሳብ የሚለው ቃል በሳይንስ ቋንቋ ብዙ ማስረጃዎችን አያይዞ የሚያብራራ ዕውቀት ማለት እንጂ ባዶ ግምት ማለት አይደለም፤ ይህን ልዩነት ሳይነግሩ ሕፃናትን ማስተማር ትምህርቱን ሳያውቁት እንዲንቁት ማድረግ ነው።

ማስረጃውም በዚያው ዓመት ከአፍሪካ መምጣት ጀምሮ ነበር። ችሎቱ ከመከፈቱ አምስት ወር አስቀድሞ ሬይመንድ ዳርት የተባለ ሊቅ በደቡብ አፍሪካ በታውንግ የተገኘውን የጥንታዊ ሕፃን ቅል ለዓለም አስታወቀ። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓመተ ምሕረት በአፋር፣ ሐዳር በተባለው ሥፍራ የተገኘችው ድንቅነሽም የዚያው ወገን ናት። ዕድሜዋ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ሲሆን ቀጥ ብላ በሁለት እግሯ ትሄድ እንደ ነበር ከአጥንቷ ለመረዳት ተችሏል።

ችሎቱ በጁላይ 10 ቀን 1925 ተከፈተ። ከከሳሾቹ ወገን ብራያን፣ ከተከሳሹ ወገን ደግሞ ክላረንስ ዳሮው የተባለው ስመ ጥር ጠበቃ ቆሙ። ሙቀቱ ብርቱ፣ ሕዝቡም ብዙ ነበር፤ ክርክሩ በሬዲዮ ይተላለፍ ነበር። ብራያን ሦስት ጊዜ ለፕሬዚዳንትነት ተወዳድሮ ያልተሳካለት፣ ለድኾችና ለገበሬዎች በመቆም የታወቀ ሰው ነው። ዝግመተ ለውጥን የጠላውም ኃያላን ደካሞችን ለመርገጥ ምክንያት ያደርጉታል ብሎ ስለ ሠጋ ጭምር ነበር። በዚህ ረገድ ሥጋቱ ከንቱ አልነበረም። ያው የሀንተር መጽሐፍ የሰውን ዘር በደረጃ ከፋፍሎ ነጮችን ከሁሉ በላይ ያስቀምጥ ነበር። ይህ ከዳርዊን ትምህርት የሚከተል ሳይሆን የዘመኑ የዘር ትምክህት በሳይንስ ስም የገባበት ገጽ ነው። ሆኖም በዚያ ሁሉ ክርክር መካከል ትልቅ ጉዳይ ሆኖ የተነሣው ይህ ገጽ አልነበረም።

የተከሳሹ ጠበቆች ትምህርቱ ምን እንደ ሆነ የሚያስረዱ ሊቃውንትን ከልዩ ልዩ ዩኒቨርሲቲዎች አምጥተው ነበር። ከእነርሱ መካከል ብዙዎቹ ሃይማኖታቸውን የሚያጠብቁ ክርስቲያኖች ነበሩ። ዳኛው ጆን ሮልስተን ግን ጉዳዩ መምህሩ ሕጉን መጣሱና አለመጣሱ ብቻ ነው በማለት ምስክርነታቸው ፍርድ ሰጪዎቹ 12 ሰዎች ፊት እንዳይሰማ ከለከለ። የችሎቱ ትልቁ ጉዳት ይህ ነው። የዴይተን ሕዝብ ስለ ዝግመተ ለውጥ ብዙ ስድብ ሰማ፤ ፍርድ ሰጪዎቹ ግን ትምህርቱን ከሚያውቁት ሰዎች አፍ አልሰሙም።

ዳሮው ሌላ መንገድ ፈለገ። በጁላይ 20 ቀን፣ ከሙቀቱ የተነሣ ችሎቱ ወደ ደጅ ወጥቶ በዛፍ ጥላ ሥር በተቀመጠበት ዕለት፣ ራሱን ብራያንን የመጽሐፍ ቅዱስ ዐዋቂ አድርጎ ለምስክርነት ጠራው። ወደ ሁለት ሰዓት በፈጀው ጥያቄ ብራያን የፍጥረት ስድስቱ ቀኖች የግድ የ24 ሰዓት ቀኖች ላይሆኑ እንደሚችሉ አመነ። እንግዲህ ከሳሹም ቢሆን ቃሉን በትርጓሜ ያነብ ኖሯል። በማግሥቱ ዳኛው ይህ ምስክርነት ከመዝገብ እንዲሰረዝ አዘዘ። ፍርድ ሰጪዎቹም ከአሥር ደቂቃ ያነሰ ጊዜ ተማክረው ስኮፕስ ጥፋተኛ ነው አሉ፤ ዳኛውም 100 ዶላር ቀጣው። በችሎቱ ሁሉ ዝም ብሎ የተቀመጠው ወጣት መምህር የተናገረው ከፍርዱ በኋላ ብቻ ነው፤ ሕጉ ትክክለኛ እንዳልሆነና ወደፊትም እንደሚቃወመው በአጭሩ አስታወቀ። ብራያን ከአምስት ቀን በኋላ በዚያው በዴይተን ሞተ።

በ1927 የቴነሲ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከ50 ዶላር በላይ የሆነ መቀጫ በፍርድ ሰጪዎቹ እንጂ በዳኛው ሊወሰን አይገባም በሚል ምክንያት ፍርዱን ሻረው፤ ሕጉን ግን አጸናው። የሚሲሲፒና የአርካንሶ ግዛቶችም ተመሳሳይ ሕግ አወጡ። ከሕጉ ይልቅ የከፋው በጸጥታ የተደረገው ነው። የመማሪያ መጻሕፍት አሳታሚዎች ገበያቸው እንዳይዘጋ ሲሉ ስለ ዝግመተ ለውጥ የሚናገሩትን ክፍሎች እያሳጠሩና እያወጡ ማተም ጀመሩ፤ በ1926 እንደገና የታተመው የሀንተር መጽሐፍም እንዲሁ ተስተካከለ። ለብዙ ዓመታት በሥነ ሕይወት ትምህርት የተቀመጡ ተማሪዎች የጎደለውን ሳያውቁ ትምህርታቸውን ጨረሱ። አሜሪካኖች የሳይንስ ትምህርታቸውን አጥብቀው መመርመር የጀመሩት ሶቪየት ኅብረት በ1957 የመጀመሪያዋን ሳተላይት ካመጠቀች በኋላ ነው።

ስኮፕስ ወደ ማስተማር አልተመለሰም። በቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ሥነ ምድር አጥንቶ ወደ ቬኔዙዌላ ሄደና በነዳጅ ዘይት ፍለጋ ሥራ ተሠማራ። ሃይማኖት የለሽ እየተባለ የተሰደበው ይህ ሰው በዚያው አገር በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ተጠመቀ፤ ትዳር መሥርቶም ሁለት ወንዶች ልጆች ወለደ። በስሙ ሀብት ሊሰበስብበት የሚችለውን ዝና ሸሽቶ በሉዊዚያና ግዛት፣ በሽሪቭፖርት ከተማ በአንድ የጋዝ ኩባንያ ለብዙ ዓመታት ሠርቶ ጡረታ ወጣ። ስለ ችሎቱ በ1960 የተሠራው ዝነኛ ፊልም ተከሳሹ መምህር ወኅኒ ቤት እንደ ገባ አድርጎ ያሳያል፤ ስኮፕስ ግን አንድ ቀን እንኳ አልታሰረም። ሐሰት የሚነገረው በአንድ ወገን ብቻ እንዳልሆነ ከዚህ ይታያል።

በ1967 ስኮፕስ የሕይወት ታሪኩን አሳተመ። በዚያው ዓመት የቴነሲ ምክር ቤት የበትለርን ሕግ ሰረዘ። በሚቀጥለው ዓመትም የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የአርካንሶን ሕግ ከሕገ መንግሥቱ ጋር የሚቃረን ነው ብሎ ሻረው። ስኮፕስ ይህን ሁሉ ለማየት በቅቶ በኦክቶበር 21 ቀን 1970 በሽሪቭፖርት ሞተና በትውልድ ከተማው በፓዱካ ተቀበረ። በዴይተን የፍርድ ቤቱ ሕንፃ ዛሬም አለ። በግቢው በ2005 የብራያን ሐውልት፣ በ2017 ደግሞ የዳሮው ሐውልት ቆሟል።