ሁለት ፊደል ብቻ

ቅጠል ስሎ የሚያውቅ ሰው ችግሩን ያውቀዋል። የጠርዙን ጥርሶች ስንቆጥር ዋናው ቅርጽ ያመልጠናል፤ ቅርጹን ስንይዝ ደግሞ ጥርሶቹን ከራሳችን እንጨምራለን። እኔም በዚሁ ተማርሬ ሳለሁ ነው የአና አትኪንስን ታሪክ ያገኘሁት። (ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።)

አና በ1799 እንግሊዝ አገር ቶንብሪጅ በምትባል ከተማ ተወለደች። እናቷ የሞተችባት ገና ሕፃን ሳለች ነው። ያሳደጋት አባቷ ጆን ጆርጅ ቺልድረን በብሪቲሽ ሙዚየም የሠራ የሳይንስ ሰው ስለነበር፣ በዚያ ዘመን ለሴት ልጅ ብዙም የማይሰጥ የሳይንስ ትምህርት አገኘች። አባቷ የላማርክን የዛጎል መጽሐፍ ሲተረጉም ከ200 በላይ ሥዕሎች የሳለችለት እሷ ነች። ስለዚህ መሳል ያቃታት ሰው አልነበረችም።

በ1842 የአባቷ ወዳጅ ጆን ሄርሸል ሳያኖታይፕ የሚባለውን ዘዴ ፈለሰፈ። አሠራሩ ከባድ አይደለም። ብረት ያለባቸው ሁለት ኬሚካሎች በውሃ ተበጥብጠው ወረቀት ይቀባሉ፤ ወረቀቱ ጨለማ ውስጥ ይደርቃል። ከዚያ ተክሉ ላዩ ላይ ተደርጎ በመስተዋት ይጫንና ፀሐይ ላይ ይወጣል። በውሃ ሲታጠብ ብርሃን ያገኘው ቦታ ሰማያዊ ይሆናል፣ ተክሉ የሸፈነው ነጭ ሆኖ ይቀራል። ካሜራ የሚባል ነገር የለም። የኢንጂነሮች ብሉፕሪንትም የመጣው ከዚሁ ነው።

አና የመረጠችው የባሕር አልጌን ነው። ዊልያም ሃርቪ በ1841 ያሳተመው የእንግሊዝ አልጌ መጽሐፍ ሥዕል አልነበረውምና ያንን ጉድለት ልትሞላ ተነሳች። ከ1843 እስከ 1853 ገጾቹን አንድ በአንድ በፀሐይ እያተመች በየክፍሉ አወጣች። የእጅ ጽሑፏ ሳይቀር በዚያው ሰማያዊ ታትሟል። በፎቶግራፍ የተዘጋጀ የመጀመሪያው መጽሐፍ የሚባለው ይኸው ነው። በ1852 አባቷ ሲሞት እንኳ ሥራው አልቆመም፤ ከጓደኛዋ ከአን ዲክሰን ጋር ደግሞ ፈርኖችን ማተም ቀጠለች።

ታዲያ በመጽሐፉ መግቢያ ስር ያሰፈረችው የስሟን ሁለት መነሻ ፊደሎች ብቻ ነው። አና በ1871 ከሞተች በኋላ ስለ ሥራው የጻፈ አንድ ሰው ፊደሎቹ ስሙን ያልገለጸ አማተር ማለት መስለውት ነበር።

አንዳንዱ ይህን እንደ ትሕትና ያደንቀዋል፤ ሥራውንም ፀሐይ ነው የሠራችው ይላል። እኔ አልስማማም። እርጥብ አልጌን ሳይታጠፍ መዘርጋት፣ የትኛው ቅርንጫፍ ወዴት እንደሚሄድ መወሰን፣ ከፀሐይ መቼ እንደሚነሳ ማወቅ የሰው ሥራ ነው። መስመሩን ለተክሉ ትታለታለች፣ ዓይኗ ግን በየገጹ አለ። ስሟም ከዚያው ሊኖር ይገባ ነበር።