ዦርዥ ኮላሶ፤ ግድግዳን ያናገረ ሠዓሊ

በፖርቱጋል ከተሞች የሚዘዋወር የሕንፃ ባለሙያ አስቀድሞ ዓይኑ የሚያርፈው ግድግዳውን በለበሰው ሥዕላዊ ሴራሚክ ላይ ነው። የአገሩ ሰዎች አዙሌዡ ይሉታል፤ ቃሉም የተወለወለ ድንጋይ ከሚል የዐረብኛ ስም የመጣ ነው። ጥበቡን ከሙሮች በስፔን በኩል ተቀብለው፣ ከአምስት መቶ ዓመታት በላይ ቤተ ክርስቲያናቸውንም ቤተ መንግሥታቸውንም አስጊጠውበታል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ፋብሪካዎች አንድ ዓይነት ሐረግ እየደጋገሙ ማውጣት ስለ ቀናቸው፣ ታሪክ የሚተርከው ታላቅ ሥዕል ከግድግዳ ላይ እየጠፋ ሄደ። ይህን ልማድ መልሰው ካነሡት ሰዎች አንዱ ዦርዥ ኮላሶ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዘመናት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ኮላሶ በ1868 በሞሮኮ፣ በታንዤር ከተማ ተወለደ። ቤተሰቡ በዚያ ፖርቱጋልን በቆንስልነት ያገለግል ነበር። ሥዕልን በሊዝቦን፣ በማድሪድና በፓሪስ ተምሮ፣ በዘይት ቀለም ሥራውና በጋዜጣ ላይ በሚያወጣቸው የፌዝ ሥዕሎች ታወቀ። ባለቤቱ ብራንካ ደ ጎንታ ኮላሶም ስመ ጥር ባለቅኔ ነበረች።

ስሙን ከሁሉ ይልቅ ያስጠራው በፖርቶ ከተማ የሚገኘው የሳኦ ቤንቶ ባቡር ጣቢያ ነው። ጣቢያውን በፈረሰ የሴቶች ገዳም ቦታ ላይ የነደፈው አርክቴክት ዦዜ ማርከስ ዳ ሲልቫ ሲሆን፣ ኮላሶ የመግቢያውን አዳራሽ በ20,000 ያህል ሴራሚክ፣ 550 ካሬ ሜትር በሚሆን ስፋት አለበሰው። በሰማያዊና በነጭ ከተሣሉት ታሪኮች መካከል የቫልዴቬዝ ጦርነት፣ የንጉሥ ዦዋዎ ቀዳማዊና የእንግሊዛዊቷ ፊሊፓ ወደ ፖርቶ መግባት፣ እንዲሁም በ1415 የሴውታ መያዝ ይገኛሉ። ከበላያቸው በልዩ ልዩ ቀለም የተሣለው ጠባብ ሐረግ የመጓጓዣን ታሪክ እስከ ባቡር ድረስ ይተርካል።

የአሠራሩ ስልት አከራካሪ ነበር። የጥንቶቹ ባለሙያዎች የሚሥሉት ገና ባልተተኮሰ ነጭ ቅብ ላይ ነው፤ ቅቡ ቀለሙን ወዲያው ስለሚመጠው የተሳሳተ መስመር አይታረምም። ኮላሶ ግን በብዙ ሥራዎቹ አስቀድሞ በተተኮሰው አንጸባራቂ ቅብ ላይ ሥሎ እንደገና ወደ እቶን ይመልሰው ነበር። በዚህም ብርሃንና ጥላን እንደ ዘይት ሥዕል አድርጎ ማሳየት ቻለ። ሴራሚኩን እንደ ሸራ ቈጠረው ተብሎ የተነቀፈውም በዚሁ ምክንያት ነው።

የዘመኑ ፖለቲካም ፈተነው። የጣቢያው ሥዕሎች የታዘዙት በንጉሥ ዘመን ነበር፤ ዘውዱ ጥቅምት 5 ቀን 1910 ወደቀ። የዘውድ ደጋፊ የነበረው ኮላሶ ከ1913 እስከ 1915 ኦ ታላሳ የተባለውን፣ ሪፐብሊኩን የሚያፌዝበትን ጋዜጣ መራ። ሆኖም የነገሥታቱን ታሪክ የያዘው አዳራሽ በ1916፣ ያው ሪፐብሊክ በተመሠረተበት ዕለት ተመርቆ ተከፈተ። አዲሱ መንግሥት ግድግዳውን አላስነካም።

ኮላሶ ከዚያ በኋላም የቡሳኮን ቤተ መንግሥት ካስጌጠበት እጁ አላረፈም፤ በ1932 የፖርቶውን የሳንቶ ኢልዴፎንሶ ቤተ ክርስቲያን ፊት ለፊት 11,000 በሚያህል ሴራሚክ ሸፈነ። በ1942 ዐረፈ።

የስልቱ ክርክር ለጥበብ ታሪክ ጸሐፊዎች ይቆይ። ለእኛ ለሙያ ባልደረቦች ግን ከሕይወቱ አንድ ቁም ነገር ይቀርልናል። ሙዚየም ገብቶ የማያውቅ መንገደኛ ባቡሩን ሲጠባበቅ የአገሩን ታሪክ ያነባል። ሕንፃ ከዝናብና ከፀሐይ ከመከለል አልፎ ለሕዝብ መናገር የሚችለው፣ የግድግዳው ልብስ እንደ ምሰሶውና እንደ ጣሪያው በጥንቃቄ ሲታሰብበት ነው።