ሉድቪግ ጉትማን

ተማሪዎች ሆይ፣ በጦር ሜዳ ኅብለ ሰረሰሩ ተመትቶ እግሮቹ የከዱት ወታደር ቀድሞ ምን ይጠብቀው እንደ ነበር ታውቃላችሁን? ገላው በአልጋ ላይ እየቆሰለ ሞቱን ከመጠበቅ በቀር ተስፋ አልነበረውም። ይህን የለወጠው እ.ኤ.አ. በ1899 በጀርመን አገር የተወለደው ሐኪም ሉድቪግ ጉትማን ነው። አይሁዳዊ በመሆኑ ከናዚዎች ሸሽቶ በ1939 እንግሊዝ አገር ገባ፤ በ1944ም በስቶክ ማንደቪል ሆስፒታል እነዚህን ቁስለኞች ማከም ጀመረ። ገላቸው እንዳይቆስል ቀንና ሌሊት በየሁለት ሰዓቱ እንዲገላበጡ፣ ሲያገግሙም ስፖርትና ሙያ እንዲማሩ አደረገ። በ1948 ለ16 ጉዳተኞች ያዘጋጀው የቀስት ውድድር የፓራሊምፒክ መነሻ ሆነ። የክብር ዘበኛው አበበ ቢቂላም በ1969 በመኪና አደጋ በተጎዳ ጊዜ በዚሁ ሆስፒታል ታክሟል። ጉትማን በ1980 ሞተ፤ ሥራው ግን ቁስልን መጠገን ብቻ እንደማይበቃ፣ ወታደሩን ወደ ኑሮው መመለስም እንደሚገባ ያስተምራችኋል።