ጄምስ ፍራንሲስና የሎዌል የውኃ በር

በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ግዛት፣ በሜሪማክ ወንዝ ዳር የተቆረቆረችው ሎዌል፣ በቀይ ጡብ የተሠሩት የቀድሞ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካዎቿና መጋዘኖቿ ዛሬም ይታዩባታል። ሕንፃዎቹ ከጎርፍ ተርፈው ለዚህ የበቁት ጄምስ ቢቼኖ ፍራንሲስ በተባለ መሐንዲስ አርቆ አሳቢነት ነው።

ፍራንሲስ እ.ኤ.አ. በ1815 በእንግሊዝ አገር በኦክስፎርድሺር ተወለደ። በ14 ዓመቱ በወደብና በቦይ ሥራ ላይ ተሰማርቶ ከቆየ በኋላ፣ በ1833 ውቅያኖስ ተሻግሮ አሜሪካ ገባ። በተከታዩ ዓመት የሎዌልን ቦዮች በሚያስተዳድረው ኩባንያ በንድፍ ሠሪነት ተቀጠረ። ዩኒቨርሲቲ ያልገባው ይህ ወጣት በ1837፣ ገና በ22 ዓመቱ፣ ዋና መሐንዲስ ለመሆን በቃ።

በሎዌል ውኃ እንደ ሸቀጥ እየተለካ ለፋብሪካዎቹ ይከራይ ነበር። ልኬቱ ቢዛነፍ ጠብ ማስነሣቱ አይቀርም። ፍራንሲስም የውኃን ፍሰት በትክክል ለመለካት ዓመታት የፈጀ ሙከራ አካሄደ፤ ውጤቱንም በ1855 በመጽሐፍ አሳተመ። በስሙ የሚጠራው ተርባይን፣ ቀደም ብለው የተሠሩትን በማሻሻል የተገኘው፣ ከዚሁ ሥራ ጋር ተያይዞ ነው። በታላቁ የሕዳሴ ግድብ የተተከሉትም ተርባይኖች የዚሁ ዓይነት ናቸው። የፋብሪካ ወለሎችን ስለሚሸከሙት የብረት ዓምዶች ጥንካሬም በ1865 ሌላ መጽሐፍ አወጣ።

ከሁሉ ይልቅ የሰው መነጋገሪያ ያደረገው ግን የእንጨት በር ነበር። በ1785 ሜሪማክ ከልክ በላይ ሞልቶ እንደነበር ፍራንሲስ ተረዳ። እንዲህ ያለ ሙላት ተመልሶ ቢመጣ ወንዙ በፓውታኬት ቦይ በኩል ሰብሮ ከተማው መካከል እንደሚገባ ገመተ። በ1850 ከወፍራም የጥድ እንጨት ወርዱም ቁመቱም 8 ሜትር ገደማ የሆነ በር አሠርቶ ከቦዩ በላይ በብረት ማንጠልጠያ ሰቀለው። ማውረድ ሲያስፈልግ ብረቱን መቁረጥ ብቻ ነው፤ ከዚህ የቀለለ ዘዴ ማሰብ ያስቸግራል። ብዙዎች ግን ያን ያህል ገንዘብ ላይመጣ ለሚችል ጎርፍ መውጣቱ አላስደሰታቸውምና በሩን የፍራንሲስ ሞኝነት እያሉ ቀለዱበት።

ሁለት ዓመት እንኳ በቅጡ ሳይሞላ፣ በሚያዝያ 1852፣ ወንዙ ሞላ። ብረቱ በመሮ ተቆረጠ፤ በሩም ወርዶ ቦዩን ዘጋ። ከተማዋ ዳነች፤ ቀልዱም በዚያው ቀረ።

ፍራንሲስ በ1880 የአሜሪካ ሲቪል መሐንዲሶች ማኅበር ፕሬዚዳንት ሆኖ ተመረጠ። በሽምግልናው የተሰጠው አደራ ግን ከባድ ነበር። በ1889 በፔንስልቬንያ የሳውዝ ፎርክ ግድብ ተደርምሶ በጆንስታውን ከ2,200 በላይ ሰዎች ሲያልቁ፣ አደጋውን የመረመረውን የማኅበሩን ኮሚቴ መራ። የግድቡ ባለቤት የነበረው የባለጸጎች ክበብ የግድቡን አናት ዝቅ አድርጎት ነበር። ኮሚቴው ግን ግድቡ እንደ ጥንቱ ቢሆንም ኖሮ መፍረሱ አይቀርም ሲል ደመደመ። በ1890 መጀመሪያ የተጠናቀቀው ሪፖርት እስከ 1891 ሳይወጣ ቆየ፤ መዘግየቱ ለሙያው የሚያስመሰግን አልነበረም። በ2016 የታተመ የውኃ ፍሰት ጥናትም መደምደሚያውን ተቃውሟል። በሎዌል ለማይታይ ጎርፍ ያን ያህል የተጨነቀ ሰው በዚህኛው ላይ መለሳለሱ ያስገርማል።

ፍራንሲስ በ1884 ጡረታ ወጥቶ በ1892 በሎዌል አረፈ። በሩ ግን ተመልሶ ተሰቅሎ ነበርና በ1936 ከ1852ቱ የከፋ ጎርፍ ሲመጣ እንደገና ወረደ። በ1978 የከተማዋ ቦዮችና የቀድሞ ፋብሪካዎች በብሔራዊ ታሪካዊ ፓርክነት ተከለሉ።