የቀዶ ሕክምና ሙያ በአገር ውስጥ እንዲሰጥ መሠረት የጣሉት ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ

በሰሜን ሸዋ ጊሼ ወረዳ በራቤል ከተማ የሚኖር ሰው ከታችኛው አንጀቱ የሚፈሰው ደም አልቆም ቢለው፣ ለከፍተኛ ሕክምና የሚላከው ወደ ደብረ ብርሃን ነው። በዚያ የሚገኘው የደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ የጤና ሳይንስ ካምፓስ ደግሞ በፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ስም የተሰየመ ነው።

በ1920 ዓ.ም አዲስ አበባ የተወለዱት ፕሮፌሰር አሥራት፣ አባታቸውን በፋሺስት ወረራ ዘመን በልጅነታቸው አጥተዋል። በተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትና በእስክንድርያ ቪክቶሪያ ኮሌጅ ተምረው በኤድንበርግ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመርቀዋል። ወደ አገራቸው ተመልሰው በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል ካገለገሉ በኋላ እንደገና ወደ ኤድንበርግ በመሄድ በዘመናዊ ቀዶ ሕክምና የሠለጠኑ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ለመሆን በቅተዋል። ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሐኪሞችም አንዱ ነበሩ።

የታችኛው አንጀት መድማት በአብዛኛው ያለ ቀዶ ሕክምና የሚቆም ሲሆን፣ ካልቆመ ግን ሐኪሙ የታካሚውን ሕይወት በደምና በደም ሥር በሚሰጥ ፈሳሽ እያቆየ የሚደማውን ስፍራ መለየትና ያን የአንጀት ክፍል ቆርጦ ማውጣት ይኖርበታል። ፕሮፌሰር አሥራት ሥራ በጀመሩበት ዘመን የትልቁን አንጀት ውስጥ እስከ ጫፉ የሚያሳይ መሣሪያ አልነበረም። ቦታው ሳይታወቅ የተከናወነ ቀዶ ሕክምና ደሙ እንዲመለስ ሊያደርግ፣ አንዳንዴም ትልቁን አንጀት በሙሉ ማውጣትን ሊጠይቅ ይችል ነበር። መቼ እንደሚጠበቅና መቼ እንደሚቀደድ የመወሰን ችሎታ በመጽሐፍ ብቻ የሚገኝ ሳይሆን፣ ልምድ ካለው መምህር ጎን በመቆም የሚቀሰም ነው።

ፕሮፌሰር አሥራት የአዲስ አበባውን የሕክምና ፋኩልቲ ካቋቋሙትና በዲንነት ከመሩት ምሁራን መካከል ሲሆኑ፣ በ1970ዎቹ መጀመሪያ የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስቶች ሥልጠና በአገር ውስጥ እንዲጀመር ጉልህ ድርሻ አበርክተዋል። በዚህም ቀደም ሲል ውጭ አገር ካልተሄደ የማይገኘው ሙያ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል መሰጠት ጀመረ።

በ1984 ዓ.ም የመላው አማራ ሕዝብ ድርጅትን በመሪነት የመሠረቱት ፕሮፌሰር አሥራት፣ በ1985 ዓ.ም ከዩኒቨርሲቲው ከተሰናበቱት ከ40 በላይ መምህራን አንዱ ነበሩ። በ1986 ዓ.ም ተፈርዶባቸው ታሰሩ። ከቀረቡባቸው ክሶች አንዱ በደብረ ብርሃን ካደረጉት ንግግር ጋር የተያያዘ ነበር። በእስር ላይ ሳሉ በልብ ሕመም ክፉኛ በመታመማቸው በ1991 ዓ.ም ተፈትተው ለሕክምና ወደ ውጭ ተወሰዱ፤ ይሁንና ግንቦት 6 ቀን 1991 ዓ.ም በአሜሪካ ፊላደልፊያ ከተማ በ70 ዓመታቸው አረፉ።

ንግግራቸው ለክስ ባበቃቸው በዚያችው ከተማ ዛሬ ወጣት የጤና ባለሙያዎች በስማቸው በተሰየመው ካምፓስ ይማራሉ።