ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝና ያስተማረኝ ሦስት ነገር

በዚህ ዓመታዊ መጽሔታችን ላይ ስለ አንድ የሀገራችን ሊቅ ሕይወት ጥቂት እጽፍ ዘንድ ፈቃድ ስለ ተሰጠኝ ደስ ይለኛል። ነገር ግን የሰውየውን ታሪክ ከመጀመሬ በፊት፥ እኔ የአዳማ ልጅ ከእርሱ ጋር እንዴት እንደ ተዋወቅሁ መናገር ይገባኛል።

ባለፈው ዓመት ክረምት ታናሽ እኅቴ የስምንተኛ ክፍል ፈተናዋን አልፋ ሳለ፥ ዘጠነኛ ክፍል እንዳትገባና እናታችንን በሥራ እንድትረዳ በቤታችን ተወሰነ። እናቴ እንጀራ እየጋገረች ለምግብ ቤቶች ታቀርባለች። አባቴ ደግሞ በጅቡቲ መንገድ ከባድ መኪና ስለሚነዳ፥ ለአንድ ሌሊት ብቻ አድሮ ይሄዳል። ፊት ለፊት ብናገረው ድምፄ እንደሚንቀጠቀጥ ስላወቅሁ ደብዳቤ ጻፍሁለት። አራት ገጽ ሞላ፤ ምሳሌያዊ አነጋገር ያልደረደርሁበት ገጽ አልነበረም። ከመስጠቴ በፊት ለአማርኛ መምህሬ ባሳየው፥ አንብበው ዝም አሉ። ቀጥለውም ስለ ነጋድራስ ገብረ ሕይወት አንብቤ እንድመለስ አዘዙኝ።

ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ በ1878 ዓ.ም. በዓድዋ አውራጃ ተወለደ። አባቱ ከዐፄ ዮሐንስ ጋር በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ስለ ወደቀ፥ ልጁ ያለ አባት ቀረ። ወደ ኤርትራ ተሻግሮ በምጽዋ አጠገብ ከነበሩት የስዊድን ሚሲዮናውያን ዘንድ ተጠጋ። ገና ልጅ ሳለ በመርከብ ወደ አውሮጳ ሄደ፤ በዚያም አንድ ባለጸጋ የኦስትርያ ሰው ተቀብሎ አሳደገው። ከዚያም በርሊን ገብቶ ሕክምና ተማረ። ወደ ሀገሩ በተመለሰ ጊዜ የውጭ ቋንቋና ትምህርት የነበራቸው ሰዎች ጥቂቶች ስለ ነበሩ፥ በዐፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት በጸሐፊነትና በአስተርጓሚነት አገለገለ። ንጉሠ ነገሥቱ ከታመሙ በኋላ ግን ቤተ መንግሥቱ የሽኩቻ ቦታ ሆነ፤ ገብረ ሕይወትም ከሀገሩ መውጣት ግድ ሆነበት።

በዚያ የስደት ዘመን የጻፈው ሥራ ዐፄ ምኒልክና ኢትዮጵያ ይባላል፤ በ1904 ዓ.ም. ገደማ አሥመራ ላይ ብርሃን ይሁን በተባለው የስዊድን ሚሲዮን ኅትመት ወጣ። መምህሬ ያነብቡኝ ዘንድ የፈለጉት የዚህን ጽሑፍ መግቢያ ነበረ። በዚያ ገብረ ሕይወት የታሪክ ጸሐፊ ሦስት ነገር ያስፈልገዋል ይላል። አንደኛው የተደረገውን የሚያስተውል ልቡና፤ ሁለተኛው ለወዳጅም ለጠላትም የማያዳላ ፍርድ፤ ሦስተኛው የጠራ የቋንቋ አገባብ ነው። የቀድሞ ጸሐፊዎችም ትልቁን ነገር ትተው በትንሹ እየዘገዩ፥ በፍርድ እያዳሉና ቋንቋቸውን እያደበላለቁ በሦስቱም እንደ በደሉ ይወቅሳል።

ይህን የተናገረ ሰው ራሱን በዚያው ሚዛን ማስቀመጥ ነበረበት። የምኒልክን እንጀራ የበላ አገልጋይ ስለ ነበረ ማሞገስ ይቀለው ነበር፤ ተሰድዶ ስለ ነበረም መራገም ይቀለው ነበር። እርሱ ግን የዘመኑን በጎነትም ጉድለትም ጻፈ። በማማረርም አልጨረሰም፤ ለወራሹ ለልጅ ኢያሱ ምን ቢደረግ እንደሚሻል በዝርዝር አቀረበ። ግብር በሥርዓት እንዲወሰን፥ ሕግ በመጽሐፍ እንዲጻፍ፥ ወታደር በዘመናዊ ትምህርት እንዲሠለጥን፥ ሰው ሁሉ በሃይማኖቱ ነጻ እንዲሆን መከረ። የጃፓንን መንገድም ምሳሌ አድርጎ አሳየ።

ኋላ ወደ ሀገሩ ተመልሶ ሹመት አገኘ። የአዲስ አበባንና የጅቡቲን የባቡር መንገድ እንዲቆጣጠር ተደረገ። ይህ ባቡር በሞጆ፥ በእኛው በአዳማና በአዋሽ ያልፍ የነበረው አሮጌው ሐዲድ ሲሆን፥ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመጨረሻም ገብረ ሕይወት የድሬዳዋ ነጋድራስ፥ ማለት የነጋዴዎችና የጉምሩክ ሹም ሆነ። ዕቃ ሲገባና ሲወጣ በየቀኑ ከሚታይበት ስፍራ ስለ ተቀመጠ፥ ሁለተኛው መጽሐፉ መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር ስለ ሥራ፥ ስለ ገንዘብ፥ ስለ ንግድና ስለ መንገድ የሚከራከር ሆነ። ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ባንዲራው ቢውለበለብም በንግዱ የሌላ ሎሌ እንደሚሆን ለማስረዳት ደከመ። በፊተኛው ጽሑፍ ከነገሥታት ታሪክ ተነሥቶ ነበር፤ በኋለኛው ግን ሰው ሀብትን በምን እንደሚያገኝ ከሥሩ ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ይወጣል። አንባቢው አንዱን ሳይቀበል ወደ ሌላው እንዲሄድ አያስቸኩለውም።

መጽሐፉን ታትሞ አላየውም። በ1911 ዓ.ም. በ33 ዓመት ገደማ ዕድሜው ዐረፈ። ከአምስት ዓመት በኋላ፥ በ1916 ዓ.ም. በአልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ዘመን፥ አዲስ አበባ በብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት ታተመ። በሕይወት ያለ ጸሐፊ ያልገባውን አንባቢ ቢያገኝ ቃሉን ሊያብራራ ይችላል፤ የሞተ ጸሐፊ ግን ወረቀቱ ብቻውን ይከራከርለታል። የእኔም ደብዳቤ እንዲሁ ነበረ። አባቴ መተሐራ ላይ ሻይ እየጠጣ ሲያነብበው እኔ በአጠገቡ አልቆምም።

ስለዚህ ደብዳቤዬን ይዤ ቁጭ ብዬ ሦስት ጊዜ አነበብሁት፤ በእያንዳንዱም ንባብ አንድ ነገር ብቻ ፈለግሁ። በመጀመሪያው፥ ነገሩን አስተውዬ እንደ ሆነ ጠየቅሁ። ስለ ትምህርት ክብር ሁለት ገጽ ጽፌ፥ እኅቴ ብትማር እናቴ በየቀኑ የስንት ሰዓት ረዳት እንደምታጣ አንድም መስመር አልነበረኝም። ሄጄ ቆጠርሁ፤ ከሌሊቱ 10 ሰዓት እስከ ጧቱ 2 ሰዓት፥ አራት ሰዓት ነው።

ሁለተኛው ንባብ አሳፈረኝ። እናቴን ጨካኝ አስመስዬ፥ ራሴን የእኅቴ ጠበቃ አድርጌ ነበር። እነርሱ ሁለቱ በጢስ ውስጥ ሲቆሙ እኔ ተኝቼ እንደማድር ግን አልጻፍሁም። ይህን ሳልናገር ፍርድ መጠየቅ ማዳላት ነውና፥ የእናቴን ድካም ጻፍሁ፤ እንጀራውን ወደ ምግብ ቤቶቹ የማደርሰውና ውኃ የምቀዳው እኔ እንደምሆንም ቃል ገባሁ። በሦስተኛው ንባብ ቋንቋውን አጠራሁ። ለማስደነቅ ብቻ የገባውን ምሳሌ ሁሉ ሰረዝሁ፤ ሁለት ሐሳብ የተሸከመውን ዓረፍተ ነገር ለሁለት ከፈልሁ። አራቱ ገጽ አንድ ሆነ።

አባቴ ከሳምንት በኋላ ሲመለስ ስለ ጽሑፌ ማማር አንድ ቃል አልተናገረም። ስለ አራቱ ሰዓት ብቻ ጠየቀኝ፤ ከእናቴም ጋር እስከ እኩለ ሌሊት ተነጋገሩ። ለአንድ ዓመት ብቻ እንድትሞክር ፈቀዱ፤ የሚመጣው ክረምት ደግሞ እንደገና ይታያል። ይህ ጽሑፍ በሚወጣበት ጊዜ እኅቴ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ ናት፤ እኔም ገና ሳይነጋ ሞሰብ ተሸክሜ በአዳማ ጎዳና እሄዳለሁ።

የተወደዳችሁ የትምህርት ቤት ጓደኞቼ፥ ሁላችንም አንድ ቀን ማመልከቻ ወይም ደብዳቤ ጽፈን ሰው እንዲያምነን እንፈልጋለን። በዚያን ጊዜ የነጋድራስ ገብረ ሕይወትን ሦስት ነገር አስቡ፤ ከሁሉ ይልቅ ሁለተኛውን። የቋንቋን ስሕተት መምህር ያርምልናል፤ ለራሳችን ያዳላነውን ግን ከእኛ በቀር የሚያየው የለም።